የእትዬ ዘይነባ ሃያ ጥያቄ

ሰኞ ጠዋት ምክትል ርእሰ መምህሩ ማባዣ ክፍሌ ድረስ መጥተው በእጅ የተጻፈች ወረቀት ሰጡኝ። "ጌታቸው፣ ይቺን ቶሎ ጻፍና ሠላሳ ኮፒ አውጣልን፤ በየቢሮው በር ላይ ትለጠፋለች" አሉኝ። አራት መስመር ናት። የትምህርት ቤታችን የሒሳብ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ዘይነባ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው ማረፋቸውን ትናገራለች፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናትን ትመኛለች። መርዶው ለእኔ አዲስ አልነበረም፣ ቅዳሜ ዕለት ሰምቼዋለሁ። ሆኖም "የነበሩት" የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ አጠፋሁት።

ሠላሳውን ኮፒ አወጣሁ። በአራቱ መስመር ላይ አንድም ውሸት የለም። ያልተጻፈው ነው የሚያንገበግበኝ፤ ያልተጻፈው ደግሞ አብዛኛው የእኔ ጥፋት ነው። ጥፋቴን እናገራለሁ። ግን መጀመሪያ ሴትየዋን ካላወቃችኋቸው ጥፋቱ ምን ያህል እንደሆነ አይገባችሁም።

እትዬ ዘይነባ አጭር፣ ቀጠን ያሉ የወሎ ሴት ነበሩ። በልጅነታቸው ከደሴ መጥተው ዕድሜያቸውን በሙሉ ልደታ ኖሩ። ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር በመርፌ ቁልፍ ነው የሚይዙት፤ ሲጨንቃቸው መርፌ ቁልፉን ስለሚነካኩ ዙሪያው ሁልጊዜ በጠመኔ እንደነጣ ነው። ወንድሞቻቸው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጨርቅ ይሸጣሉ። "ወንድሞቼ ትምህርት አልገፉም፣ ሒሳብ ላይ ግን አንዳቸውም አይሳሳቱም" ይሉ ነበር። "እኔ ዘንድ የሚመጣው ልጅ ነው ስምንተኛን አልፎ የሚሳሳተው።"

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ከማንም በፊት የእኔን በር የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው።

"ጌታቸው፣ ማሽንህ እንዴት አደረች?"

"አልተሻላትም እትዬ። ትናንትም ስታቃስት ነው የዋለችው።"

"እንግዲያው አስታማት፣ ሃያ ጥያቄ ይዣለሁ።"

ሃያው ጥያቄ የተጀመረው ባለፈው መስከረም ነው። ዘጠነኛ ዲን ተረከቡ፤ ስልሳ ሁለት ልጅ። በመጀመሪያው ሳምንት ትንሽ ፈተና ሰጧቸውና፣ የመምህራን ማረፊያው ጫጫታ ስለሚረብሻቸው ወረቀቱን ታቅፈው እኔ ዘንድ መጡ። የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጠው ማረም ጀመሩ። ከቆይታ በኋላ ቀና አሉና "ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ነው?" አሉኝ።

"እኔን ነው?"

"አንተን አይደለም፣ እነሱን ነው የጠየቅኩት። ሁለት አምስተኛ ነው ይላሉ። ሁሉም ማለት ይቻላል። ላዩን ከላዩ፣ ታቹን ከታቹ ደመሩትና አረፉ።"

ምኑ ላይ እንደተሳሳቱ እኔም አልታየኝም። ፊቴን አይተው ገባቸው።

"ግማሽ ዳቦ ይዘሃል እንበል። እኔ ሲሶ ጨመርኩልህ። አሁን የያዝከው ዳቦ ከግማሽ ያነሰ ነው ብትለኝ ምን ልበልህ?"

ያኔ ገባኝና ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። መርፌ ቁልፋቸውን ያዙ። "እነዚህ ልጆች አንድም ሰው ቀርቦ ሳያያቸው ነው እዚህ የደረሱት፣ ጌታቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ብሔራዊ ፈተና ላይ ሲወድቁ ሰነፎች ይባላሉ። የእኔም ዝም ማለት አይጻፍም" አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍለ ጊዜውን የመጀመሪያ አሥራ አምስት ደቂቃ ለመልመጃ፣ የቀረውን ደግሞ የሳቱትን ለማስረዳት አደረጉት። በአዘቦቱ ቀን ሃያ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ደብተር ላይ ያሠሯቸዋል፦ የማባዛት ሠንጠረዥ፣ ክፍልፋይ፣ ከትንሽ ቁጥር ላይ ትልቅ ቁጥር መቀነስ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሃያው በወረቀት ይሆናል፤ ዴስኩ ተራርቆ፣ ቡድን የለ፣ መኮራረጅ የለ። በቡድን ሥራ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይፈርማሉ ብለው ስለሚያምኑ እውነተኛ ነው የሚሉት የዓርቡን ብቻ ነበር። ስልሳ ሁለቱንም ወረቀት በእጃቸው ያርማሉ። ወረቀት የለም ስላቸው ግማሽ ገጽ፣ ግማሽ ገጽ የለም ስላቸው የድሮ ወረቀት ጀርባ ይቀበሉኛል።

ጥቅምት ላይ ምክትሉ መጡ። ሌሎቹ ክፍሎች ምዕራፍ ሁለትን ሊጨርሱ ነው፣ የእሳቸው ዲ ገና ምዕራፍ አንድን አልነካም። ሁለቱም የተገናኙት እኔ በር ላይ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ።

"ወይዘሮ ዘይነባ፣ ይሄ የአምስተኛ ክፍል ትምህርት ነው። እርስዎ የተቀጠሩት ለዘጠነኛ ነው።"

"አምስተኛ ክፍል ላይ የቀረ ልጅ ነው የሰጣችሁኝ። እዚያው ሄጄ ላምጣው እንጂ።"

"መጽሐፉ መሸፈን አለበት።"

"እስከ መንፈቀ ዓመቱ መጨረሻ ስጡኝ። ከዚያ ሱፐርቫይዘር አምጡና በፈለጋችሁት ቁጥር ፈትኑልኝ። ካልቻሉ ክፍሉን ውሰዱ።"

"ካልቻሉ ክፍሉን እወስዳለሁ፤ እርስዎንም ላይብረሪ አስቀምጣለሁ። ኋላ ቅር እንዳይልዎት።"

"ይሁን" አሉ። በአንድ ቃል ክፍሉን አስያዙት። ምክትሉ ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ዞረው "ጌታቸው፣ እኔ ብቀር ሌላ ቦታ ይሰጡኛል። እነሱ ሌላ ዘጠነኛ ክፍል የላቸውም" አሉኝ።

ኅዳር እስኪጋመስ የዓርቡ ውጤት የሚያስለቅስ ነበር። ከሃያው አሥር ያገኙት ሰባት ልጆች ናቸው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስምንት፣ በሚቀጥለው ደግሞ ስድስት። ካርቶኑ ላይ ተቀምጠው፣ ሳያርሙ ቀይ እስክሪብቶውን የሚያገላብጡበት ጊዜ በዛ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ማሽናችን አሮጌ ናት። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሰባት ገጾች ሳታበላሽ አትነሣም፤ አንዱን ታጠቁራለች፣ አንዱን ትሸነትራለች። እኔ ወረቀት ሲጣል አልወድም። በራችን ላይ ወይዘሮ አለሚቱ የሚባሉ ድንች ጠባሽ አሉ፤ ጥብሱን በወረቀት ጠቅልለው ነው ለልጆቹ የሚሸጡት። ለዓመታት የተበላሸውን ወረቀት ሁሉ ለእሳቸው ስሰጥ ኖሬአለሁ። የዋናው ፈተና ጊዜ ምክትሉ አጠገቤ ቆመው የተበላሸውን አንድ በአንድ ስለሚቀዳድዱት ከዚያ ምንም አይወጣም። የእትዬ ዘይነባን ሃያ ጥያቄ ግን ፈተና ብዬ አስቤው አላውቅም፤ መልመጃ ነው። ዓርብ ጠዋት መብራት ስለሚጠፋ ሐሙስ ከሰዓት አባዛዋለሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲርበኝ የተበላሸውን ብብቴ ሥር ይዤ ወይዘሮ አለሚቱ ዘንድ እወርዳለሁ። በነጋታው የሚፈተኑበትን ወረቀት በገዛ እጄ ወስጄ፣ ለልጆቹ ድንች እንዲጠቀለልበት እሰጥ ነበር።

ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ውጤቱ ማደግ ያዘ። አሥር ያገኙት ልጆች ቁጥር ሃያ ደረሰ፣ ከዚያ ሠላሳ፣ ከዚያ ሃምሳ። ልጆቹ ደግሞ ሁሉንም አያገኙም፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሁለት ጥያቄ እያወቁ ይስታሉ። እትዬ ዘይነባ እንኳን እሱን አላዩም። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት መጠርጠር አለበት፤ እሳቸው ደግሞ ለማመን ቸኩለው ነበር። አንድ ቀን ከወንድሞቻቸው ሱቅ ተምር ይዘው መጡና ማሽኗ ላይ አስቀመጡት።

"ይሄ ለአንተ ነው፣ ለሷም ነው።"

"ምን ተገኘ እትዬ?"

"ገባቸው" አሉ። "ጌታቸው፣ ገባቸው እኮ።" ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ጥርሳቸውን እንደዚያ ቀን አይቼው አላውቅም። ተምሩን አብረን በላን።

ጥር ላይ፣ ሱፐርቫይዘሩ ሰኞ ይመጣሉ በተባለበት ሳምንት ሐሙስ፣ እንደ ልማዴ ወደ በሩ ወረድኩ። ወረቀቱን ለወይዘሮ አለሚቱ ሰጥቼ ድንቼን ስጠብቅ የዲ ልጆች ተሰልፈዋል። አንዷ ጥብሱን ተቀበለችና ሳትቀምሰው ለጓደኛዋ በእፍኟ አስያዘቻት። ከዚያ በዘይት የራሰውን ወረቀት አጥሩ ላይ ዘርግታ በስልኳ ፎቶ አነሣችው። "የክፍሉ ግሩፕ ላይ ልኬዋለሁ" አለች። ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምሮ የሆነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ።

ያን ቀን ሄጄ መናገር ነበረብኝ። ዓርብ ቀን ነበረኝ፣ ቅዳሜም ቤታቸውን አውቀዋለሁ። አልተናገርኩም። ማባዣ ክፍል የሚሠራ ሰው ወረቀት አሾለከ ከተባለ እንጀራው አበቃ፤ ይሄ አንዱ ነው። ሁለተኛው ተምሩ ነው፤ ያንን ፊት በገዛ አፌ ማጥፋት አቃተኝ። ሁለቱንም ሰበብ አጥብቄ ይዤ እስከ ሰኞ ቆየሁ።

ሰኞ ነጭ ወረቀት ወደ ክፍሉ አምጣ ተብዬ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። እትዬ ዘይነባ ጠመኔውን በሁለት እጃቸው አቀበሏቸው። "የፈለጉትን ቁጥር ይስጧቸው፣ ከእኔ አይጠይቁ" አሉ። ሰውየው አምስት ሲቀነስ ስምንት ብለው ጻፉ። የክፍሉ አለቃ ናሆም ወጥቶ ሦስት ብሎ ጻፈ። "ሌላ ሐሳብ ያለው?" ሲሉ አንዲት ልጅ ተነሥታ አሥራ ሦስት አለች። ሌላ ጥያቄ ጻፉ፣ ሌላም። ሁለት ክፍልፋይም ሰጧቸው። ከዚያ በኋላ የሚወጣ ልጅ ጠፋ።

እትዬ ዘይነባ ወደ ልጆቹ ዞሩ። "ዓርብ እኮ ሠርታችሁታል" አሉ፣ በማባበል ዓይነት። "ልጆች፣ ይሄንኑ እኮ ነው የሠራችሁት።" ስልሳ ሁለቱም አቀረቀሩ። እሳቸው ፊት ለፊት ካለው ዴስክ ጫፍ ላይ፣ ከአንዲት ተማሪ አጠገብ ተቀመጡ። ነጩን ወረቀት እንደታቀፍኩ እኔም አቀረቀርኩ።

ክፍሉ በዚያው ሳምንት ተወሰደ። አዲሱ መምህር በቀጥታ ምዕራፍ አራትን ጀመረ፤ ልጆቹም እየገለበጡ ይከተሉት ጀመር። እትዬ ዘይነባ ላይብረሪ ተመደቡ። አንድ ቀን መጽሐፍ ላደርስ ስገባ መስኮቱ ጋ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ሃያ ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩ መስሎኝ ነበር፣ ጌታቸው" አሉኝ። "አሁን የድሮዎቹን ልጆች ሁሉ እያሰብኩ ነው። እነሱም እንደዚህ ነበሩ ማለት ነው? ሳላውቅ ነው የሸኘኋቸው?"

ይህን የሚመልስ ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም። እኔ ምን አልኩ? "ሻይ ላምጣልዎት?" አልኩ። እስከ ዛሬ ያቺን ሻይ ሳስባት ራሴን እጸየፋለሁ።

መጋቢት ላይ ታመሙ። ጉበት ነው ተባለ፣ ዘግይቷል ተባለ። ሐኪም ሌላ ይበል፣ እኔ ግን ያቺ ሰኞ ናት የጣለቻቸው እላለሁ። ግንቦት ሲገባ፣ ከልደታ ፍርድ ቤት ጀርባ ካልፈረሱት ቤቶች በአንዱ ተኝተው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ፊታቸው ቢጫ ሆኖ ዓይናቸው ብቻ ነው የቀረው። እህታቸው ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማሽኗን፣ ድንቹን፣ ሐሙሱን፣ አውቄ ዝም ማለቴን። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ቢረግሙኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"መልሱን ማን ሠራው?" አሉ።

"አቤት?"

"ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ ነው፣ መልስ የለውም። ሐሙስ ሐሙስ አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ሃያውንም ሠርቷል። ሌሎቹ ከእሱ ነው የገለበጡት። ማነው?" ክርናቸውን ተደግፈው ቀና ለማለት ታገሉ። "አንድ የገባው ልጅ አለ ማለት ነው። ጌታቸው፣ ፈልገህ አምጣልኝ። አንድ ልጅ ብቻ ልይ።"

በነጋታው ናሆምን ጠርቼ እንደማልከስሰው ምዬ ጠየቅኩት። ልጁ አፈረ። "ማንም አልሠራውም ጋሼ" አለኝ። "ስልክ ነው የሚሠራው። ፎቶ ሲነሣ መልሱን ያመጣል።"

ይህን ይዤ ወደዚያ አልጋ እንዴት ልመለስ? ስለዚህ ሁለተኛውን ውሸቴን ፈጠርኩ። ከዲ ልጆች መካከል ቤዛ የምትባል፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የምትኖር ዝምተኛ ልጅ አለች። የመረጥኳት ፊቷ ውሸት ስለማይመስል ነው። ቲቸር በጠና ታመዋል፣ እኔ ነኝ የሠራሁት ብትያቸው ደስ ይላቸዋል አልኳት። አልቅሳ እሺ አለችኝ። ሐሙስ ከትምህርት ስንወጣ ይዣት ሄድኩ።

"መልሱን የምትሠሪው አንቺ ነሽ?" አሏት።

"አዎ ቲቸር።"

"ጎበዝ። ሁለት ሲቀነስ ዘጠኝ ስንት ነው?"

"ሰባት" አለች ቤዛ፣ ወዲያው።

እትዬ ዘይነባ ልጅቷን አላዩአትም፤ እኔን ነው ያዩኝ። የምገባበት ጠፋኝ። "ጌታቸው፣ ውሸት አይሆንልህም፣ ተወው" አሉኝ። ቀጥለው እጃቸውን ወደ ቤዛ ዘረጉ። "ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነሽ እንበል። ዘጠኝ ፎቅ ውረጂ አልኩሽ። መሬት ስትደርሺ ስንት ወርደሻል?"

"ሁለት።"

"ስንት ይቀርሻል?"

"ሰባት። ግን መሬት ደርሻለሁ እኮ።"

"መሬት ስለደረስሽ አላቆምኩሽም። ውረጂ።"

ቤዛ አሰበች። "ከመሬት በታች ሰባት" አለች። ከዚያም "ሰባት ምድር ቤት ያለው ሕንፃ ግን የለም ቲቸር" አለች።

"ሒሳብ ውስጥ አለ" አሉ፣ ከንፈራቸው ፈገግ ብሎ። "እሱ ነው ኔጌቲቭ ሰባት።"

አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያ ወጡ ወረዱ። ልጅቷ ትስታለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትስታለች። እትዬ ዘይነባ ላብ አጠመቃቸው። እህታቸው ይብቃሽ ብትላቸው አልሰሙም። በመጨረሻ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ገልብጠው ጥያቄ ይጽፉላት ጀመር። ሃያ ሊያደርጉት ነበር፤ አሥራ አንደኛው ላይ እስክሪብቶው ከእጃቸው ወደቀ። "ይሄን ሠርተሽ ቅዳሜ አምጪልኝ፣ አርምልሻለሁ" አሏት።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤዛን ይዤ ስደርስ በራቸው ላይ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ሌሊቱን አርፈው፣ ከቀትር በፊት ተቀብረዋል። ወንድሞቻቸው በር ላይ ቆመው ሰው ይቀበላሉ። እኔና ቤዛ መጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዕንባዬ መጣ፤ አልከለከልኩትም። ቤዛ ከቦርሳዋ የማዘዣውን ወረቀት አወጣች። አሥራ አንዱም ተሠርቷል፣ በላጲስ የተፋቀው በዝቶ ወረቀቱ ሳስቷል።

"ስልክ አልነካሁም" አለችኝ በሹክሹክታ። "ራሴ ነኝ የሠራሁት። ጋሼ፣ ትክክል ነው?"

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። ዓመቱን ሙሉ እንደዚህ ያሉ ቁጥሮች በእጄ አልፈዋል። ትክክል ይሁን ስህተት የሚነግረኝ አንድም ምልክት አላየሁበትም። ትክክል ነው ብላት ደስ ይላት ነበር። እንዲህ ያለው ቃል ምን እንደሚያደርግ ስለማውቅ አልወጣ አለኝ።

"አላውቅም፣ ልጄ" አልኳት።

ወረቀቱን መልሳ ተቀበለችኝ፤ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ከመጀመሪያው ጥያቄ ጀምራ እንደገና መሥራት ጀመረች።